የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን የሥራ ውጤት ስለ መለካትና ስለ ማሻሻል፦ የመቀሌ ሁኔታ እንደ ማሳያ

መግቢያ

አንድ ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍቱ ስንት መጻሕፍት እንዳሉት ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይገኛል። አንድ ተማሪ ዛሬ የፈለገውን መጽሐፍ ዛሬውኑ የማግኘት ዕድሉ ምን ያህል ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ እምብዛም አይገኝም። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ንብረት ሲሆን ሁለተኛው ስለ አገልግሎት ነው። ለትምህርት ጥራት የሚበጀው በይበልጥ የሁለተኛው መልስ መሆኑ ግልጽ ነው።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. ገደማ በጣት ይቈጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከአርባ በላይ ሆነዋል። በየአንዳንዳቸው ቤተ መጻሕፍት ተቋቁሟል፤ ሕንፃ ተሠርቷል፤ መጻሕፍት ተገዝተዋል። ሆኖም የወጣው ገንዘብ ያስገኘው ውጤት ካልተመዘነ የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚዘጋጀው በግምት ብቻ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሥራ ውጤት በምን መንገድ ሊለካ እንደሚችል፣ ከልኬቱም ወደ ማሻሻል እንዴት እንደሚደረስ ማብራራት ነው። ለማሳያነትም ከማዕከል ርቆ የሚገኘው፣ በቅርብ ዓመታትም ከባድ ፈተና ያለፈበት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሁኔታ ተወስዷል።

1. የሥራ ውጤት ሲባል ምን ማለት ነው?

የቤተ መጻሕፍትን ሥራ በአራት ደረጃ ከፍሎ መመልከት ይቻላል። አንደኛው ግብዓት ነው፤ ይኸውም በጀት፣ ሠራተኛ፣ ሕንፃና መጻሕፍት ነው። ሁለተኛው የአሠራር ሂደት ሲሆን ግዥን፣ ምደባን፣ ካታሎግ ማዘጋጀትንና መደርደርን ያጠቃልላል። ሦስተኛው የተሰጠው አገልግሎት ነው፤ በውሰት የወጡ መጻሕፍት፣ የተያዙ መቀመጫዎች፣ የተመለሱ ጥያቄዎች በዚህ ይመደባሉ። አራተኛው ፋይዳ ነው፤ ተማሪው በቤተ መጻሕፍቱ በመጠቀሙ ያገኘው ዕውቀት፣ መምህሩም ለምርምሩ ያገኘው እገዛ ማለት ነው።

ሪቻርድ ኦር የተባሉት የመስኩ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ በሁለት ጥያቄ ለይተው አስቀምጠውታል። አንዱ አገልግሎቱ ምን ያህል ጥሩ ነው የሚል ሲሆን ሌላው ደግሞ አገልግሎቱ ምን ያህል ጥቅም አስገኘ የሚል ነው። የመጀመሪያው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሊለካ ይችላል። ሁለተኛው ግን መምህሩን፣ ሥርዓተ ትምህርቱንና የተማሪውን ዝግጅት ሁሉ ስለሚነካ ለብቻው ነጥሎ ለመለካት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም በአብዛኛው የሚለካው ሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም የተሰጠው አገልግሎት ነው።

በተለምዶ የሚቀርቡት ዘገባዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፉም። የመጻሕፍት ብዛት በተማሪ ቍጥር ተካፍሎ ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል መጽሐፍ ይደርሰዋል ይባላል። ይህ አኀዝ ጠቃሚነት ቢኖረውም ጉድለቱ ጕልህ ነው። ዘመን ያለፈባቸውና ለማንም ትምህርት የማይስማሙ መጻሕፍት በስጦታ ሲገቡ አኀዙ ከፍ ይላል፤ የአገልግሎቱ ጥራት ግን ባለበት ይቀራል። እንዲያውም ለመደርደርና ለመመዝገብ የሚጠፋው ጊዜ ሲታሰብ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

2. የመለኪያዎች ዕድገት ባጭሩ

ስለ ቤተ መጻሕፍት ዓላማ ከተነገሩት ሁሉ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ሕንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጡት አምስት ሕግጋት ነው። ከእነዚህም አንዱ የአንባቢው ጊዜ እንዲቈጠብ የሚያሳስብ ነው። ይህ ሐሳብ ውሎ አድሮ ወደ ቍጥር ተለወጠ። በእንግሊዝ አገር በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተካሄደው ጥናት፣ ተፈላጊ መጻሕፍት በውሰት የሚቈዩበት ጊዜ ሲያጥር የመገኘት ዕድላቸው በጣም ከፍ እንደሚል አሳየ። ነገር ግን አገልግሎቱ መሻሻሉ ሲታወቅ ብዙ ተማሪዎች ስለመጡ ዕድሉ በመጠኑ ተመልሶ ዝቅ አለ። የተሻለ አገልግሎት ራሱ ፍላጎትን እንደሚጨምር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአሜሪካ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተገዙት መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም በውሰት እንዳልወጡ ገለጸ። ጥናቱ ብዙ ክርክር ቢያስነሣም፣ መግዛትና ማገልገል አንድ አለመሆናቸውን ለማሳየት በቂ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መለኪያዎቹ በዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥ እንዲሆኑ ጥረት ተደርጓል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ስለ ቤተ መጻሕፍት የሥራ ውጤት መለኪያዎች የሚደነግገውን 11620 ቍጥር የተሰጠውን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 አወጣ፤ በኋላም ደጋግሞ አሻሻለው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የተጀመረው ሊብኳል የተባለው መጠይቅ ደግሞ ተጠቃሚዎች በ22 ጥያቄዎች ላይ ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አገልግሎት፣ የሚመኙትንና በተግባር ያገኙትን ለየብቻ እንዲመዝኑ ያደርጋል።

በአገራችን የመስኩን ባለሙያዎች በማሠልጠን ረገድ እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ዐቢይ ድርሻ አለው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲም ተቋማትን ሲመረምር የመማሪያ ሀብቶችን ከመመርመሪያ ርእሶቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ይህ ኀላፊነት ኋላ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተላልፏል።

3. የመቀሌ ሁኔታ

መቀሌ ዩኒቨርሲቲ በግንቦት ወር 1992 ዓ.ም. የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና የመቀሌ ቢዝነስ ኮሌጅ ተዋሕደው የቆመ ተቋም ነው። ግቢዎቹ በአንድ ስፍራ አይደሉም። ዋናው ግቢ በእንዳ ኢየሱስ፣ የንግድና የምጣኔ ሀብት ትምህርት የሚሰጥበት በዓዲ ሓቂ፣ የጤና ሳይንስ በዓይደር፣ የእንስሳት ሕክምና በቃላሚኖ ይገኛሉ። ይህ አቀማመጥ ለልኬት ልዩ ትርጕም አለው። በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ያለ መጽሐፍ በዓይደር ከሆነ፣ ለዓዲ ሓቂው ተማሪ በዚያች ሰዓት እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ ለመላው ተቋም የሚሰጥ አንድ አማካይ ቍጥር በየግቢው ያለውን ልዩነት ሊሸፍን ይችላል፤ ልኬቱ በየግቢው ተለይቶ መካሄድ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። መቀሌ ከአዲስ አበባ በየብስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከተማው ከማዕከሉ ጋር በአጭር ጊዜ የሚገናኘው በኲሓ አቅራቢያ በሚገኘውና በራስ አሉላ እንግዳ የፈረስ ስም በተሰየመው በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ነው። ከውጭ አገር የሚገዛ መጽሐፍ፣ በእንግድነት የሚጋበዝ መምህር፣ ለጥገና የሚፈለግ የኮምፒዩተር ዕቃ፣ አስቸኳይ በሆነ ጊዜ ሁሉ በዚህ በር ያልፋል።

ይህ በር ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በቅርብ ታይቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የመንገደኞች በረራ፣ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ በክልሉ ተቋርጠው ቈዩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኞች አውሮፕላን ዳግም በአሉላ አባ ነጋ ማረፊያ አረፈ። በዚህ መካከል ያለፈው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ረጅም ጊዜ ነው። አዲስ መጽሐፍና መጽሔት አይገባም፤ በኢንተርኔት የሚነበበውም ሁሉ ይዘጋል።

እንዲህ ያለ ተቋም በሰላም ጊዜ ከሠሩ ሌሎች ተቋማት ጋር በአንድ ሚዛን ቢመዘን ፍርዱ የተዛባ ይሆናል። ሳይለካ ቢተው ደግሞ ጉድለቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ፣ የሚመጣውም እርዳታ ወዴት መዋል እንዳለበት ሳይለይ ይቀራል። መፍትሔው ከቤተ መጻሕፍቱ ዐቅም ውጭ የሆነውንና በእጁ ያለውን ምክንያት ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ መጠቀም ነው። ከዚህ ቀጥለው የሚብራሩት ሁለት መለኪያዎች ይህ ጠባይ አላቸው።

4. መጽሐፍ የመገኘት ዕድል

ፖል ካንተር የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፉት ዘዴ አንድ ተማሪ መጽሐፍ ፈልጎ እስኪያገኝ የሚያልፍባቸውን አራት በሮች ይቈጥራል። የመጀመሪያው፣ መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍቱ ተገዝቷል ወይ? ሁለተኛው፣ ከተገዛ በሌላ ሰው እጅ ነው ወይስ በቤት ውስጥ? ሦስተኛው፣ በቤት ውስጥ ካለ በትክክለኛው መደርደሪያ ላይ ነው ወይ? አራተኛው፣ በስፍራው ካለ ተማሪው ራሱ ሊያገኘው ቻለ ወይ?

አሠራሩ ቀላል ነው። በወሰነ ትምህርቱ ውስጥ ከተመረጡ ቀናት ሥራ የሚበዛባቸውንም ጸጥ ያሉትንም በማካተት፣ ለገቢ ተማሪዎች ስም የማይጻፍባት ትንሽ ወረቀት ይታደላል። ተማሪው የፈለገውን መጽሐፍ ርእስና ደራሲ፣ ማግኘት አለማግኘቱንም ይጽፋል። ያልተገኘውን መጽሐፍ ሠራተኞች በዚያው ቀን ተከታትለው፣ ከአራቱ በሮች በየትኛው እንደተሰናከለ ይመዘግባሉ። ክትትሉ ከዋለ ካደረ ምክንያቱ ስለሚለወጥ ቀኑ ማለፍ የለበትም።

ለምሳሌ ያህል ብቻ 200 ፍለጋዎች ተመዝግበዋል እንበል። ከእነዚህ 40ዎቹ ያልተገዙ መጻሕፍት ቢሆኑ 160 ይቀራሉ፤ ይህም 80 በመቶ ነው። ከ160ዎቹ 40ዎቹ በውሰት ወጥተው ቢገኙ 120 ይቀራሉ፤ 75 በመቶ ማለት ነው። ከ120ዎቹ 20ዎቹ ከቦታቸው ውጭ ቢሆኑ 100 ይቀራሉ፤ 83 በመቶ ገደማ ነው። ከ100ዎቹ 10ሩን ተማሪዎች በስፍራው እያሉ ሳያገኟቸው ቢቀሩ በመጨረሻ 90 ፍለጋዎች ይሳካሉ። የአራቱ በሮች ድርሻ ሲባዛ ጠቅላላው ውጤት 45 በመቶ ይሆናል። እያንዳንዱ በር ለብቻው ሲታይ መጥፎ ባይመስልም ከመቶ ተማሪዎች 55ቱ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ዘዴው በይበልጥ የሚጠቅመው መፍትሔን ለመምረጥ ነው። በዚሁ ምሳሌ፣ ያልተገዙት መጻሕፍት በግማሽ ቢቀነሱ ጠቅላላው ውጤት ከ45 ወደ 51 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ከቦታቸው ውጭ የተገኙት በግማሽ ቢቀነሱ ወደ 50 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በውሰት ምክንያት የታጡት በግማሽ ቢቀነሱ ደግሞ 52 ተኩል በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያው መፍትሔ የውጭ ምንዛሪ፣ መርከብና አውሮፕላን ይጠይቃል። ሁለተኛው የሚጠይቀው ጧት ጧት መደርደሪያ የሚያቃና ሠራተኛ ነው። ሦስተኛውም የውሰት ጊዜን ከማሳጠርና ጥቂት ተፈላጊ መጻሕፍትን በአዳራሽ ውስጥ ብቻ እንዲነበቡ ከማድረግ አያልፍም። ማረፊያው ክፍትም ይሁን ዝግ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በቤተ መጻሕፍቱ እጅ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አስፈላጊ ነው። በ200 ፍለጋዎች ላይ የተመሠረተ ውጤት ወደ ላይም ወደ ታችም 7 በመቶ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ፍለጋዎቹ 400 ቢሆኑ መዛነፉ ወደ 5 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ አምና 45፣ ዘንድሮ 48 በመቶ ቢገኝ መሻሻል ታየ ብሎ መደምደም አይቻልም። መሻሻልን በርግጠኝነት ለመናገር ናሙናውን ማስፋት፣ ልኬቱንም በተመሳሳይ ወቅት መደጋገም ይገባል።

5. መጽሐፍ ከጥያቄ እስከ መደርደሪያ የሚፈጀው ጊዜ

ሁለተኛው መለኪያ፣ መምህሩ መጽሐፍ እንዲገዛ ከጠየቀበት ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ለአንባቢ እስከሚቀርብበት ቀን ያለውን ጊዜ ይመለከታል። ይህ ጉዞ በብዙ ቢሮዎች ያልፋል፤ የክፍሉ ማጽደቅ፣ ጨረታ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ማጓጓዝ፣ ጉምሩክ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ ማድረስ፣ መረከብ፣ መመደብ፣ ካታሎግ ማዘጋጀትና መለያ ቍጥር መለጠፍ ይገኙበታል። በየደረጃው ቀን ከተመዘገበ መዘግየቱ የት እንደደረሰ ያለ ክርክር ይታወቃል። ከአዲስ አበባ መቀሌ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ተኩል በማይበልጥ በረራ የደረሰ ሣጥን ሳይከፈት ወራት ቢያሳልፍ ጥፋቱ የርቀት ሊባል አይችልም።

ውጤቱ ሲቀርብ ከአማካዩ ይልቅ መካከለኛውን ቍጥር መያዝ ይመረጣል። ዐሥር መጻሕፍት ታዘው ዘጠኙ በ60 ቀን፣ አንዱ በ600 ቀን ቢደርሱ አማካዩ 114 ቀን ይሆናል፤ ነገር ግን በ114 ቀን የደረሰ አንድም መጽሐፍ የለም። መካከለኛው 60 ቀን ሲሆን የተለመደውን አሠራር በትክክል ያሳያል። መንገድ በተዘጋበት ዘመን የታዘዙትን መጻሕፍት ለብቻ መዝግቦ ማቅረብም የቤተ መጻሕፍቱን ትጋት ከዘመኑ ችግር ለመለየት ይረዳል።

6. መለኪያዎች ሲተረጐሙ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በበር የሚገባ ተማሪ ብዛት ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ተማሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣው ማደሪያው ስለሚጠብና መብራትና ጸጥታ ስለሚፈልግ፣ የራሱን ደብተርና በፎቶ ኮፒ የተባዛ የመምህሩን ማስታወሻ ይዞ ነው። ይህ ራሱ ትልቅ አገልግሎት በመሆኑ ሊናቅ አይገባም፤ መቀመጫ በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚያዝ መቍጠርም ተገቢ ነው። ግን ይህ ቍጥር ስለ መጻሕፍቱ ጥቅም ምንም አይነግርም።

የተጠቃሚዎች እርካታ በመጠይቅ ሲለካም ሌላ እንከን አለ። የተሻለ ቤተ መጻሕፍት አይቶ የማያውቅ ተማሪ በጥቂቱ ይረካል። ከፍተኛ የእርካታ መጠን የአገልግሎት ጥራትን ብቻ ሳይሆን የፍላጎትን ዝቅተኛነትም ሊያመለክት ይችላል። ስለሆነም መጠይቅ ከላይ ከተገለጹት ልኬቶች ጋር ተጣምሮ እንጂ ብቻውን ሊወሰድ አይገባም።

የኤሌክትሮኒክ ንባብም የራሱ ሚዛን ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የጤናው ሂናሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የእርሻው አጎራ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት ሳይንሳዊ መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ያደርሳሉ። እነዚህ ለዓይደርና ለመሰል ግቢዎች ታላቅ ጥቅም ቢኖራቸውም ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ስንት መጽሔት ተፈቀደ ከማለት ባሻገር፣ በሳምንቱ ውስጥ መስመሩ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ያለ ኢንተርኔትስ በግቢው ኮምፒዩተር ተከማችቶ የሚነበበው ምን ያህል ነው ብሎ መለካት ይገባል።

በመጨረሻም፣ መለኪያ ለቅጣት መሣሪያ ሲሆን ሐሰት ይወልዳል። የውሰት ቍጥር ከፍ እንዲል ብቻ የታዘዘ ሠራተኛ ቍጥሩን ከፍ የሚያደርግበት መንገድ አያጣም። ልኬቱ ሊያምኑት የሚቻል የሚሆነው፣ ጉድለትን የገለጠ ክፍል የማይነቀፍበት አሠራር ሲኖር ነው።

7. ከልኬት ወደ ማሻሻል

ከዚህ በላይ ከተነገረው ተነሥቶ የሚከተሉትን ተግባራት ማመልከት ይቻላል።

ሀ. በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ጊዜ በየግቢው መጽሐፍ የመገኘትን ዕድል መለካትና ውጤቱን በአራቱ በሮች ከፍሎ ማቅረብ።

ለ. ተደጋግመው የተፈለጉና ያልተገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር ለቀጣዩ ግዥ መሠረት ማድረግ። ብዙ ርእሶችን በአንድ አንድ ቅጂ ከመግዛት፣ የተመረጡትን በበቂ ቅጂ መግዛት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሐ. በጣም ተፈላጊ ለሆኑት የውሰት ጊዜን ማሳጠር፣ ቢያንስ አንድ ቅጂም ከአዳራሽ እንዳይወጣ ማድረግ።

መ. ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በካታሎግ አጠቃቀም ላይ ተግባራዊ ትምህርት መስጠት፤ አራተኛው በር የሚከፈተው በዚህ ነውና።

ሠ. የስጦታ መጻሕፍትን ከመቀበል በፊት ዝርዝራቸውን በየትምህርት ክፍሉ ማስመርመር።

ረ. በግቢዎች መካከል በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መጽሐፍ የሚያመላልስ አገልግሎት ማቋቋም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የመምህሩ ድርሻ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያው አያንስም። ተማሪው ከክፍል ማስታወሻ ውጭ እንዲያነብ የሚያስገድድ ሥራ ካልተሰጠው የተሟላ ቤተ መጻሕፍትም ባዶ ይሆናል። የንባብ ዝርዝሩን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለቤተ መጻሕፍቱ የሚያደርስ መምህር ግን ከአራቱ በሮች ሁለቱን አስቀድሞ ከፍቷል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራንም ይህንኑ ዘዴ በትንሹ ሊሠሩበት ይችላሉ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠላሳና አርባ ፍለጋዎችን መመዝገብ ብቻ እንኳ፣ ትክክለኛ መቶኛ ባይሰጥም፣ ችግሩ ከየትኛው በር እንደሆነ ይጠቁማል።

ለፕላን ባለሙያዎች ደግሞ ዐቢዩ ቁም ነገር በጀትን ከግብዓት ብዛት ጋር ብቻ ሳይሆን ከተገኘ አገልግሎት ጋር ማያያዝ ነው። ከጉዳት የሚያገግም ተቋም ሲታቀድለት መነሻው አገር አቀፉ አማካይ ሳይሆን የራሱ የመጀመሪያ ልኬት ሊሆን ይገባል። ያለ መነሻ ልኬት የተላከ እርዳታ ከዓመታት በኋላ ምን እንዳስገኘ ማወቅ አይቻልም።

መደምደሚያ

የቤተ መጻሕፍት ልኬት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ በየዕለቱ የሚመዘገብ ቀንና ውጤቱን ሳይሸሽጉ የማቅረብ ፈቃድ ይበቁታል። መቀሌን የመሰለ ከማዕከል የራቀ ተቋም ከዚህ ልኬት የሚያገኘው ጥቅም ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ከሩቅ የሚመጣው እያንዳንዱ መጽሐፍ ዋጋው ከፍ ያለ፣ መተኪያውም የዘገየ ነውና። መንገድ ሲከፈት የሚገዛውን በጥንቃቄ ለመምረጥ፣ መንገድ ሲጠብም በእጅ ያለውን በሚገባ ለመጠቀም፣ አስቀድሞ የፈለገውን ያጣው ተማሪ በየትኛው በር እንደተመለሰ ማወቅ ያስፈልጋል።